ደመወዛችን በየትኛው ወረቀት ይመጣል?

(ለማኅበራችን አባላትና ደጋፊዎች ከተደረገ ንግግር)



እዚህ አሜሪካ ታክስ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ኤፕሪል 15 እና ተመላሽ ገንዘቡ ነው። እኛ ዛሬ ማንሳት የፈለግነው ግን የጡረታችንን ነገር ነው።

አብዛኞቻችን የምንሠራው ሰው ቤት ነው፤ ልጅ እንጠብቃለን፣ አረጋዊ እንጦራለን። የሚከፈለንም በዳብልዩ ቱ፣ በቴን ናይንቲ ናይን ወይም በእጅ በካሽ ነው። በዳብልዩ ቱ የምትከፈል እህት ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ ይቆረጥባታል፤ አሠሪዋም ያንኑ ያህል ከራሱ ኪስ ይከፍላል። በቴን ናይንቲ ናይን የምትከፈለዋ ግን የራሷ አሠሪ ተደርጋ ስለምትቆጠር የሁለቱንም ድርሻ፣ 15.3 በመቶ፣ ብቻዋን ትሸከማለች። በዓመት 30 ሺህ ዶላር ብታገኝ የመጀመሪያዋ 2,295 ዶላር ሲቆረጥባት፣ ሁለተኛዋ የምትቀንሰው የሥራ ወጪ ከሌላት ወደ 4,240 ዶላር ትከፍላለች። ይህ እንግዲህ ከገቢ ግብሩ ሌላ ነው።

ቤተሰቡ «አንቺ ኮንትራክተር ነሽ» ስላለ ብቻ ኮንትራክተር አንሆንም። መቼ እንደምንገባ፣ ልጁን ምን እንደምናበላ፣ ሥራውን እንዴት እንደምንሠራ የሚወስኑት እነሱ ከሆኑ በሕጉ ተቀጣሪ ነን። እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ ቤተሰብ ለአንዲት የቤት ሠራተኛ በዓመት 2,800 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከከፈለ ድርሻውን መክፈልና ዳብልዩ ቱ መስጠት አለበት። ይህን ያነሳች እህት ሥራዋን እንዳታጣ መፍራቷን እናውቃለን፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው የሚቀለው ገና ስትቀጠሪ፣ ደመወዝ ስትነጋገሪ ነው።

ካሽ መቀበል ወንጀል አይደለም፤ ችግሩ ሳያሳውቁ መቅረት ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ በዚህ በኩል እንደ እድር ነው፤ ስምሽ መዝገቡ ላይ ከሌለ በችግርሽ ቀን ድንኳኑ አይመጣም። በራስ ሥራ ለጡረታ ለመብቃት 40 ነጥብ ያስፈልጋል። በዓመት የሚገኘው ቢበዛ 4 ስለሆነ ቢያንስ 10 ዓመት ማለት ነው። አሥራ አምስት ዓመት በካሽ ሠርታ ያላሳወቀች ሴት መዝገቧ ባዶ ነው። ኢትዮጵያና አሜሪካ የጡረታ ዘመንን የሚያደማምር ስምምነት ስለሌላቸው አገር ቤት የሠራችበትም ዘመን አይታሰብላትም። በራሷ የምትሠራ ሴት ያላሳወቀችው ገቢ ለጡረታ የሚመዘገብላት፣ ዓመቱ ካለቀ በኋላ በ3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ውስጥ ካሳወቀች ነው። ጊዜው ካለፈ ታክሱን ብትከፍልም ነጥቡን አታገኝም።

በየዓመቱ የሚመጣብን ሌላ ጥያቄ አለ፤ «እናቴን የምጦራት እኔ ነኝ፣ ለምን በጥገኛነት አላስመዘግባትም?» የአሜሪካ ዜግነት ከሌላት፣ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለባት። ሜክሲኮ ያለች እናት ልትቆጠር ትችላለች፣ ደሴ ያለችው አትቆጠርም። ለእኛ ፍትሐዊ አይመስለንም፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው። «ግድ የለም፣ እኔ አስገባልሻለሁ» የሚል ታክስ ሠሪ ካጋጠመን ወረቀታችንን ይዘን እንውጣ፤ የፈረምነው እኛ ስለሆንን ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።

አዲስ አበባ የሚከራይ ቤት ያለን ግሪን ካርድ ያዦችም ኪራዩን እዚህ ማሳወቅ አለብን። እዚያ የተከፈለው ግብር በአብዛኛው እዚህ ካለብን ላይ ይቀነስልናል፤ ስለዚህ ደረሰኝ አትጣሉ።

ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ቪታ የሚባል ታክስ በነፃ የሚሠራ አገልግሎት አለ። ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀታችሁን ይዛችሁ ወደ እኛ ብቅ በሉ። ዳብልዩ ቱ ላይ ቁጥር 3 ሣጥን የሶሻል ሴኩሪቲ ደመወዝን፣ ቁጥር 4 የተቆረጠውን ያሳያል። ባዶ ከሆኑ ለአሠሪያችሁ የሚላከውን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አብረን እንጽፋለን።