የሠራተኛዋም ወረቀት እንደ እትዬ እኩል ተቆጠረች

(የአስተባባሪ ኮሚቴ ምርጫችን ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከነባር አባሎቻችን አንዷ በእሁዱ ስብሰባ ላይ ያደረገችው ንግግር ነው። እንድናትመው ፈቅዳልናለች።)

እህቶቼ፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ እግራችሁን ዘርጉና አረፍ በሉ። ቡናው እየተቆላ ነው፤ እስኪደርስ ድረስ ብቻ ነው የምይዛችሁ።

ባለፈው ስብሰባ የተጨቃጨቅንበትን ነገር አትረሱትም። ኮሚቴ ልንመርጥ ነው፤ ታዲያ መራጩ ማነው? ግማሾቻችን «እሁድ እሁድ የምትመጣ ትምረጥ። ፊቷን አይተነው የማናውቅ እንዴት ትመርጣለች?» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «በኮንትራት ቤት ውስጥ ያለችውስ? ተቆልፎባት እንጂ ጠልታን ነው የቀረችው?» አልን። ሳንስማማ ተለያየን። በዚህ ነገር ላይ እንድናገር ስትጠይቁኝ ወደ ልቤ የመጣው የ1997ቱ የአገራችን ምርጫ ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ያኔ ሕፃን የነበራችሁ፣ ወይ ገና ያልተወለዳችሁ እዚህ አላችሁ። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር። እኔ በ97 አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ሰው ቤት ተቀጥሬ ነበር የምሠራው። ከገጠር ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ምርጫ የሚባለውን ነገር በሬዲዮ ከመስማት በቀር አላውቀውም። ያን ዓመት ግን ነገሩ ተለየ። የመንግሥት ሰዎችና ተቃዋሚዎች በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጠው ይከራከሩ ጀመር። ስለ መሬት፣ ስለ ወደብ፣ ስለ ኑሮ። እኔ የቡና ሲኒ እያጠብኩ በበሩ በኩል እሰማለሁ። ሚኒስትር በሰው ፊት «ተሳስተዋል» ሲባል አይቼ አላውቅማ! ጋሼና እትዬ ሳሎን ሆነው ይሟገታሉ፣ ዘበኛው ከውጭ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ወፍጮ ቤት ሄጄ ስመለስ እዚያም ወሬው እሱ ነው።

ሚያዝያ 29 ቀን ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይ ሰልፍ ጠራ፤ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ደግሞ ቅንጅት ጠራ። በሁለተኛው ቀን የወጣውን ሕዝብ ያየ ሁሉ የሚለው ጠፋው። ሁለት ጣት የቅንጅት ምልክት ነበረች፣ ንብ የኢሕአዴግ። ማንበብ የማይችል ሰው ምልክቱን አይቶ ነበር የሚመርጠው። ሕፃናቱ ሳይቀሩ በሰፈር ውስጥ ጣታቸውን እያወጡ ይሮጡ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። የምዝገባው ጊዜ ሲደርስ እትዬን ልመዝገብ ብዬ ጠየቅኳቸው። እትዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ምሳ ሳልበላ ሥራ አያዙኝም። ግን ሳቁ። «አንቺ ምን ሊያደርግልሽ? የሰፈሩ ሰው መች ሆንሽ?» አሉኝ። እውነትም መታወቂያ የለኝም። በዕድርም በማኅበርም ስሜ የለም። በዚያ ሰፈር ሁለት ዓመት ውሃ ቀድቻለሁ፣ ለለቅሶው ሁሉ ድንኳን ሥር እንጀራ ጋግሬያለሁ፣ ግን እንደሌለሁ ነኝ።

ያዳነችኝ ከጓሮ ያለች ጠላ የምትሸጥ እናት ናት። እጄን ይዛ ወሰደችኝና መዝጋቢው ፊት «ይቺ ልጅ እዚሁ ነው የምትኖረው። ጠዋት ጠዋት በሬ ላይ ስታልፍ አያታለሁ፤ እኔ ምስክር ነኝ» አለች። ሌላም ጎረቤት መሰከረችልኝ። ተመዘገብኩ። ካርዱን ከመቀነቴ ሥር አስሬው ነበር የምተኛው።

ግንቦት 7 እሁድ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ነው የተሰለፍነው። ሰልፉ አጥሩን ዞሮ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ መጨረሻው አይታይም። ነጠላ የለበሱ አሮጊቶች፣ በክራንች የሚሄዱ፣ ልጅ ያዘሉ። ፀሐዩ ከረረ፤ አንድም ሰው ግን «ይቅርብኝ» ብሎ አልሄደም። ብዙ ቦታ እስከ ሌሊት ድረስ ነው የተመረጠው። እትዬ ከእኔ አሥር ሰው ያህል ወደ ኋላ ቆመው ነበር። ልቀቅላቸው ብዬ ዞር ስል አስተናባሪው «እዚህ በተራ ነው» አለኝ። ምን ልበላችሁ! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እትዬን ቀድሜ በር ገባሁ።

ማንን እንደመረጥኩ ዛሬም አልነግራችሁም። እዚህ የትግራይም፣ የኦሮሞም፣ የወሎም፣ የጎንደርም፣ የሲዳማም ልጅ አለች፤ እኔ ያን ክርክር ላስነሳ አልመጣሁም። ማታ እራት ሳቀርብ እትዬ «ማንን መረጥሽ?» አሉኝ። «ምስጢር ነው ተብለናል እትዬ» አልኩ። ዝም አሉ። በዚያ ቤት ውስጥ የአልጋ ልብሴ እንኳ የእኔ አልነበረም፤ ያቺ ምስጢር ግን የእኔ ነበረች።

ማግስቱን የምርጫ ጣቢያዎቹ በር ላይ ቁጥሩ ተለጥፎ ሰው እየተጋፋ ያነብ ጀመር። ያልተጠበቀው ነገር ያኔ መጣ። አዲስ አበባ ለፓርላማ ያላት መቀመጫ 23 ነው፤ 23ቱንም ቅንጅት ወሰደው። ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን። ሚኒስትሮች ሳይቀሩ ወንበራቸውን አጡ። የመረጡትም፣ ያልመረጡትም፣ ራሳቸው ያሸነፉትም ደንግጠው ነበር። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሰፈሩን ሰው ደምሮ ጽፏል፤ ከዚያ ድምር ውስጥ አንዷ እኔ ነኝ። እትዬም አንድ፣ እኔም አንድ። የእሳቸው ሁለት ሆኖ አልተቆጠረም፣ የእኔ ግማሽ ሆኖ አልተቆጠረም።

ቀጥሎ የሆነውን ሳልናገር ባልፍ ግን ውሸታም እሆናለሁ። በምርጫው ዕለት ምሽት ሰልፍ ተከለከለ። የአገሪቱ ውጤት ዘገየ፤ አንዱ አሸነፍኩ ሲል ሌላው ተጭበረበረ አለ። ክስ በዛ፤ በ31 የምርጫ ክልሎች በነሐሴ እንደገና ተመረጠ። በመጨረሻ ከ547ቱ መቀመጫ ኢሕአዴግ 327ቱን አገኘ ተባለ፤ ተቃዋሚዎች በአንድ ላይ ከ170 በላይ። ግማሹ አመነ፣ ግማሹ አላመነም። ሰኔ 1 ቀን ደም ፈሰሰ፤ ጥቅምት 1998 ደግሞ ባሰ። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የቆጠረው 193 ሲቪልና 6 ፖሊስ ነው የሞተው። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ዴዴሳ ድረስ ተወስደው ታሰሩ፤ ከእኛም ሰፈር እናቶች ስንቅ ቋጥረው ልጃቸው የት እንዳለ ሳያውቁ ሲንከራተቱ አይቻለሁ። የተመረጠው የከተማ አስተዳደር ሥራ ሳይጀምር መሪዎቹ እስር ቤት ገቡ። በሚቀጥለው ምርጫ፣ በ2002፣ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 545 ወሰዱ። በ2007 ደግሞ ሁሉንም።

«ታዲያ ምን ጠቀመ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ስንት ሌሊት ጠይቄዋለሁ። የሞተ ሰው በምንም አይተካም። ግን ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛ፣ ከታሰሩት የቅንጅት መሪዎች አንዷ ብርቱካን ሚደቅሳ ነበረች። ሁለት ጊዜ ታስራ፣ ተሰድዳ፣ በ2011 ተመልሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። ድምፅ የተነፈገች ሴት የድምፅ ቆጣሪዎቹ አለቃ ሆነች ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ነገሩ የተበላሸው ሰልፉ ላይ አይደለም። ሰው ተሰልፎ፣ በሰላም መርጦ፣ ቤቱ ገብቷል። የተበላሸው ቆጠራው ላይ መተማመን ሲጠፋ፣ ተሸናፊም አሸናፊም መነጋገር ሲያቅተው ነው።

አሁን ወደ ቤሩት ልምጣ። እኛ እዚህ አገር ምን ነን? የሊባኖስ የሥራ ሕግ ከ1946 ጀምሮ አለ፤ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ያወጣታል። አንቀጽ 92 ደግሞ የውጭ አገር ሰው የሠራተኛ ማኅበር አባል ቢሆን እንኳ አይመርጥም፣ አይመረጥም ይላል። በፈረንጅ 2015፣ ጥር ወር ላይ፣ ከብዙ አገር የመጡ የቤት ሠራተኞች እዚሁ ቤሩት ማኅበር ሲመሠርቱ የሥራ ሚኒስትሩ ሕገወጥ ነው አለ። ስለዚህ እህቴ፣ በዚህ አገር እጅሽን አውጥተሽ «እኔ እከሌን መርጫለሁ» የምትይበት ቦታ የትም የለም። ይቺ ክፍል ብቻ ናት። ይቺንም ክፍል ለእሁድ ወጪዎች ብቻ እናድርጋት?

ኮንትራቱ ላይ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ተጽፏል። ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ የመጀመሪያውን ዓመት ከበረንዳ ላይ መንገድ እያያችሁ ያሳለፋችሁት? እዚህ የተቀመጥነው አብዛኞቻችን ያን አልፈን ነው ዶራ የደረስነው። ኮሚቴው ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ለማን ነው? ደመወዟ ለተያዘባት፣ ፓስፖርቷ ማዳም እጅ ላለ፣ ለታመመችው ነው። እና የሚሠራላት ሰው ስትመረጥ እሷ አትጠየቅም? «የሰፈሩ ሰው መች ሆንሽ» ያሉኝ እትዬ በእኛ አፍ መናገር የለባቸውም።

«የማናውቃት ሰው ናት» ለምትሉ፣ ልክ ናችሁ፤ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የጠላ ሻጯን መንገድ እንከተል። ከአባሎቻችን ሁለቱ «ይቺን ልጅ እናውቃታለን፣ እከሌ ሕንፃ ላይ ናት» ብለው ይመስክሩላትና ትመዝገብ። ስልክ ያላት በዋትስአፕ ድምፅ ልካ ትምረጥ። ስልክ የሌላትን ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ የምታገኛት ልጅ ወረቀቱን ትስጣትና አጣጥፋ ትመልስላት። በስልክ የሚመጣውን የሚቀበሉ ሁለት እህቶች እንምረጥ፤ ራሳቸው የማይወዳደሩ፣ ማን ማንን እንደመረጠች ለእኔም ለማንም የማይናገሩ። ቀጣሪዋ ሰምታ ችግር እንዳይደርስባት የአንዷም ሙሉ ስም ግድግዳ ላይ አይለጠፍ፤ በቁጥር ትጠራ።

ቆጠራውን ግን እዚሁ፣ ሁላችን ፊት፣ ሳጥኑን አራግፈን። አንዷ ታንብብ፣ ሌላዋ ትጻፍ፣ ሦስተኛዋ ጎኗ ቆማ ትይ። ድምሩ በዚህ በር ላይ ይለጠፍ፤ ፎቶው በዋትስአፕ ለሁሉም ይሂድ። የተሸነፈችዋ በማግስቱ እሁድ ቡና ታፍላ፣ ያሸነፈችዋ ከእሷ ጎን ትቀመጥ። ቁልፉና የገንዘቡ ደብተርም በዚያው ቀን በሰው ፊት ይረካከብ።

ለዚህ ሐሳብ ዛሬ እጅ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። የተቃወማችሁም ተቃውሟችሁ በቃለ ጉባኤው ይጻፍ። ከዚያ ቡናችንን እንጠጣ።