«ቪአይ» የተባለው የጽሑፍ ማረሚያና ፊደላችን
(በሺንሺቾ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲሰሙት ደረቅ ሊመስል ይችላል። ይኸውም ከግማሽ ምእተ ዓመት ገደማ በፊት ተሠርቶ እስከ ዛሬ ከአገልግሎት ስላልወጣው፣ «ቪአይ» ስለሚባለው የኮምፒዩተር የጽሑፍ ማረሚያ ነው። ጉዳዩ ግን የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሺንሺቾም ሆነ በዱራሜ ወይም በሆሳዕና፣ በየጽሕፈት ቤታችን ዛሬ የምንጽፈው ቃለ ጉባኤና መዝገብ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይነበብ ይሆን? የሚለውን ጥያቄ የሚነካ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ትርጉሙን እንለይ። የጽሑፍ ማረሚያ ስል ደብዳቤ አስውቦ የሚያትመውን ፕሮግራም ማለቴ አይደለም። ማረሚያው የሚያውቀው ፊደልንና መስመርን ብቻ ነው፤ ስለ ፊደሉ መጠን፣ ስለ ቀለሙና ስለ ኅዳጉ አይጨነቅም። ድህነት የሚመስለው ይህ ጠባይ፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ዋነኛው ሀብቱ ነው።

በ1969 ኬን ቶምፕሰን የተባለው አሜሪካዊ በቤል ላቦራቶሪ ውስጥ «ኢዲ» የተሰኘውን ማረሚያ ሠራ። በዚያን ዘመን አብዛኛው ተጠቃሚ ከኮምፒዩተር ጋር የሚነጋገረው በስክሪን ሳይሆን በቴሌታይፕ፣ ማለትም በሰከንድ 10 ፊደል ያህል በወረቀት ላይ በሚመታ መኪና ነበር። ስለዚህ «ኢዲ» እጅግ ቃል ቈጣቢ ሆኖ ተፈጠረ። ጸሐፊው ገጹን ሳያይ በመስመር ቍጥር ያዛል፤ አንዲት ፊደል መስመሩን ታሳያለች፣ ሌላዋ ትሰርዛለች፣ ሌላዋ ቃል ትተካለች። ትእዛዙ ሲሳሳት መልሱ አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ በለንደን የኩዊን ሜሪ ኮሌጁ ጆርጅ ኩሉሪስ «ኢዲ»ን አሻሽሎ «ኢኤም» የተባለ ማረሚያ አዘጋጀ። በ1976 በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ቢል ጆይ ይህንኑ መነሻ አድርጎ፣ በመጀመሪያ ከቸክ ሄሊ ጋር በመተባበር፣ ገጹን በስክሪን ላይ እያሳየ የሚያርመውን «ቪአይ»ን አስገኘ። ጆይ ይሠራበት የነበረው የስልክ መስመር በሰከንድ 30 ፊደል ያህል ብቻ የሚያስተላልፍ ነበር። አንድ ስክሪን በ24 መስመር፣ በየመስመሩ 80 ፊደል ቢይዝ በጠቅላላው 1,920 ፊደል ነው፤ ገጹን አንድ ጊዜ ለመሙላት ከአንድ ደቂቃ በላይ ይጠይቃል ማለት ነው። ስለሆነም እያንዳንዱ ቍልፍ ብዙ ሥራ እንዲሠራ ግድ ሆነ።

የ«ቪአይ» ልዩ ጠባይ የመጣው ከዚህ ነው። ማረሚያው ሁለት ይዞታዎች አሉት። በጽሕፈት ይዞታ ቍልፉ ፊደል ይጽፋል፤ በትእዛዝ ይዞታ ያው ቍልፍ ትእዛዝ ይሆናል። ትእዛዞቹም እንደ ቋንቋ ይገጣጠማሉ። «ዲ» መሰረዝን፣ «ደብልዩ» ቃልን ታመለክታለች፤ ሁለቱ ሲያያዙ «ቃል ሰርዝ» ይሆናል፤ በመካከላቸው 3 ቢገባ ሦስት ቃል ይሰረዛል። ጥቂት ግሶችንና ጥቂት ተሳቢዎችን ያጠና ሰው ብዙ ዐረፍተ ነገር እንደሚሠራ ሁሉ፣ ጥቂት ቍልፎችን ያጠናም ብዙ ሥራ ያከናውናል።

በ1991 ሆላንዳዊው ብራም ሞሌናር «ቪም» የተባለውን የተሻሻለ ዝርያ ለሕዝብ አቀረበ። ሞሌናር በኡጋንዳ፣ በኪባሌ፣ በውሃና በንጽሕና ሥራ ያገለገለ ሰው ስለነበረ፣ ፕሮግራሙን በነፃ እየሰጠ ተጠቃሚዎቹ በዚያ ለሚገኙ ችግረኛ ሕፃናት እንዲረዱ ይጠይቅ ነበር። በ2023 ከዚህ ዓለም እስኪለይ ድረስ ሥራውን አላቋረጠም።

እንግዲህ ወደ እኛ ጉዳይ እንመለስ። «ቪአይ» የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። የአማርኛ ጸሐፊ ኪቦርዱን ወደ ፊደላችን አዙሮ ከጻፈ በኋላ ወደ ትእዛዝ ይዞታ ሲመለስ፣ ቍልፎቹ አሁንም ግዕዝ ይናገራሉ፤ ማረሚያውም ትእዛዙን አይሰማም። «ቪም» ለዚህ መፍትሔ አለው፤ የፊደል ካርታ ተዘጋጅቶ ሲሰጠው በጽሕፈት ይዞታ ብቻ ፊደሉን ይለውጣል፣ ትእዛዙን በላቲን ያቈያል። በዚህ አካባቢ ጉዳዩ ድርብ ነው። ከምባትኛና ሀዲይኛ በ1979 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በግዕዝ ፊደል ከተጻፉት 15 ቋንቋዎች መካከል ነበሩ፤ ዛሬ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ስለዚህ ሁለቱም ፊደላት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ።

ከዚህ የከበደው ችግር የፊደል ቍጥር ጉዳይ ነበር። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአማርኛ ፎንቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የቍጥር አሰጣጥ ነበራቸው፤ በአንዱ «ለ» የሆነው ቍጥር በሌላው ሌላ ፊደል ነበር። ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ዩኒኮድ በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ 345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶችን ቋሚ ቍጥር ሰጣቸው። እነዚህን ቍጥሮች በፋይል ውስጥ ለማስፈር ዛሬ በስፋት የሚያገለግለውን ዩቲኤፍ-8ን በ1992 ከሮብ ፓይክ ጋር የነደፈው ደግሞ ያው የ«ኢዲ» ሠሪ ኬን ቶምፕሰን ነው። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ሺንሺቾ» የሚለው ስም በ4 ፊደል 12 ባይት ይሆናል። የላቲኑ ፊደል ግን በ1 ባይት ይጸናል። በዚህም መንገድ ሁለቱ ፊደላት ሳይጋጩ በአንድ ፋይል ያድራሉ።

የጥንቱ ማረሚያ ለመዝገብ ሠራተኛ የሚሰጠው ጥቅም እዚህ ላይ ይገለጻል። አንድ ሰው በአንድ መዝገብ «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሃይሉ»፣ በሦስተኛው «ሐይሉ» ተብሎ እንደሚጻፍ ሁላችንም እናውቃለን። «ኢዲ» ካስፋፋቸው የፍለጋ ዘዴዎች አንዱ አማራጭ ፊደላትን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ መደርደር ነው፤ በ«ቪም» [ሀሃሐሓኀኃ]ይሉ ብሎ መፈለግ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያወጣቸዋል። ጉድለት የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ተርሚናል ለየፊደሉ እኩል ስፋት ስለሚሰጥ፣ እንደ «ጨ» ያሉ ሰፋፊ ፊደላት ይጨናነቃሉ፤ ለዐይንም ይከብዳሉ።

ክቡራን አባላት፤ ሁላችሁም «ቪአይ»ን ተማሩ ብዬ አልመክርም። ለደብዳቤና ለማስታወቂያ የተሻለ መሣሪያ አለ። የምለው ይህ ነው፤ የየጽሕፈት ቤታችን ቃለ ጉባኤ፣ መዝገብና የቋንቋ ጥናት አንድ ቅጂ በዩኒኮድ፣ ጌጥ በሌለው ተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጥ። በአሮጌ ፎንት የተጻፈውም ፎንቱ ገና በእጃችን ሳለ ይቀየር፤ ይህን ለነገ ማሳደር መዝገቡን እንደ መጣል ይቈጠራል። ከአባላቱም ጥቂቶች ማረሚያውን አጥንተው ለሌሎች ያስተምሩ። ቴሌታይፑ ሄዷል፤ የዘገየውም የስልክ መስመር አልፏል፤ በእነርሱ የተጻፈው ተራ ጽሑፍ ግን ዛሬም ይከፈታል። የእኛም ጽሑፍ ይህን ዕድሜ እንዲያገኝ ማድረግ በእጃችን ነው።