ለአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚስማማው የመብራት አቅርቦት በጅማና በአካባቢዋ የቡና ከተሞች
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ታላላቅ ግድቦችና ስለ ከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መሥመሮች የሚናገር ሰው በዚህ መድረክ ታጥቶ አያውቅም። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን መሥመሩ አልቆ ከቤት ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ስላለው ጉዳይ ነው። ለዚህ ያነሣሣኝም አንድ ጥያቄ ነው። በቡና ለቀማ ወራት ለሥራ ወደ አጋሮ ሄጄ ሳለሁ፣ በግቢያቸው ሦስት ክፍል የሚያከራዩ አንዲት እናት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ የመብራት ትምህርት ተምሯል ይሉሃል። እንግዲያው ንገረኝ፤ ለተከራዮቼ ሶላር ልግዛላቸው ወይስ ቆጣሪ ላስገባላቸው? የሚረክሰው የቱ ነው?»

እውነቱን ለመናገር ወዲያው መልስ አልነበረኝም። «እማማ፣ አስልቼ እነግርዎታለሁ» ብዬ ተለየኋቸው። ይህ ንግግር የዚያ ሥሌት ውጤት ነው።

በሌሎች አገሮች ርካሽ የመብራት አቅራቢ መምረጥ ማለት ኩባንያ ከኩባንያ ማወዳደር ነው። በብሪታንያ ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ ማንኛውም ቤተሰብ አቅራቢውን እንደ ፈቀደ ሊለውጥ ይችላል። ሆኖም ምርጫ ብቻውን ዋስትና አለመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2021 የጋዝ ዋጋ በናረ ጊዜ ታይቷል፤ በረከሰ ዋጋ ደንበኛ ይስቡ የነበሩትን ጨምሮ ወደ 30 የሚጠጉ ኩባንያዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ወድቀዋል።

በእኛ አገር ሁኔታው ሌላ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ማመንጨቱና ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉና ሽያጩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። ስለዚህ የጅማ፣ የአጋሮ፣ የሊሙ ገነት ወይም የሸቤ ነዋሪ ከዋናው መሥመር ኃይል ሲፈልግ የሚሄደው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ይህ ማለት ግን ምርጫ የለውም ማለት አይደለም። ምርጫው በኩባንያዎች መካከል ሳይሆን በአገባብ መካከል ነው፤ ይኸውም በራስ ቆጣሪ፣ ከጎረቤት ወይም ከአከራይ ቆጣሪ በተቀጠለ ሽቦ፣ በሶላር፣ ወይም በጄኔሬተር። የድኻው ቤተሰብ ገንዘብ የሚተርፈው ወይም የሚባክነው በዚህ ምርጫ ላይ ነው።

አስቀድመን የራስ ቆጣሪን እንይ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነው። ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. በሠራው ታሪፍ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 0.2730 ብር፣ ከ500 በላይ ለሆነው ደግሞ 0.6943 ብር ነበር። በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ በደረጃ በተካሄደው ማሻሻያ ከፍተኛው እርከን ወደ 2.48 ብር ሲወጣ፣ የመጀመሪያው እርከን ከነበረበት አልተነቃነቀም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ አራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ማሻሻያ ሥራ ላይ ውሏል። ዋጋው ይለዋወጥ እንጂ መሠረተ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ጥቂት የሚጠቀም በርካሽ፣ ብዙ የሚጠቀም በውድ ይክፈል የሚል ነው።

50 ኪሎዋት ሰዓት ለአንድ ቤተሰብ ይበቃልን? እናስላው። አራት ባለ 9 ዋት አምፖሎች በየማታው አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳሉ። ባለ 60 ዋት ቴሌቪዥን በቀን አራት ሰዓት ቢከፈት 7.2 ነው። ለስልክና ለራዲዮ አንድ እንጨምር። 3.5 ኪሎዋት የሚስበው የእንጀራ ምጣድ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንዳንድ ሰዓት ቢሠራ በአራት ሳምንት 28 ይሆናል። ድምሩ ከ42 አይበልጥም። እንግዲህ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ እንጀራውን ጋግሮ፣ ቤቱን አብርቶና ዜናውን ሰምቶ ከመጀመሪያው እርከን ሳይወጣ ወሩን ሊጨርስ ይችላል።

ነገሩ የሚበላሸው ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ነው። ሦስት ጊዜ 42 ሲደመር 126 ይሆናልና ቆጣሪው ሦስተኛው እርከን ውስጥ ይገባል። ቆጣሪው የሚያነበው ኪሎዋት ሰዓት እንጂ ከበስተጀርባው ስንት ምድጃ እንዳለ አይደለም። ለድኻ የታሰበው ርካሽ ዋጋ፣ ቆጣሪ በስሙ የሌለውን ድኻ ሳይደርሰው ይቀራል ማለት ነው። በዚህ ላይ አከራዩ ሒሳቡን በአምፖል ቁጥር ያከፋፍላል፤ ምጣድንም ይከለክላል። ምጣድ የተከለከለች ተከራይ ወደ ከሰልና ወደ ማገዶ ትመለሳለች። ቡናችን በደን ጥላ ሥር በሚያድግበት አገር፣ በበለጠ ገራ ደን ዙሪያ ለምንኖር ሰዎች፣ ይህ የአንዲት ተከራይ ኪሣራ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የተቀጠለ ሽቦ ሌላም ዕዳ አለው። ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ከአከራዩ ቤት 50 ሜትር ርቆ አንድ ምጣድ ቢመግብ፣ ደርሶ መልሱ 100 ሜትር ነውና ተቃውሞው 1.2 ኦም ያህል ይሆናል። 16 አምፔር ሲያልፍበት ወደ 19 ቮልት ይወድቃል፤ 300 ዋት የሚያህል ኃይልም ሽቦውን በማሞቅ ይባክናል። ሁለት ምጣድ ባንድ ጊዜ ቢሰካ ብክነቱ አራት እጥፍ ሊጠጋ ነው። ያ ሙቀት ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በጭቃ ግድግዳና በእንጨት ጣሪያ መካከል መሆኑን ለዚህ ጉባኤ መዘርዘር አያስፈልገኝም።

ሶላርን በሚመለከት ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶች አሉ። አንዱ ሁሉን ነገር ይተካል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ምንም አይረባም የሚለው ነው። ባለ 20 ዋት ሰሌዳ በቀን የአራት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 80 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ በወር 2.4 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። የወሩ ምርት ሁሉ ተጠራቅሞ አንድ ጊዜ እንጀራ አያስጋግርም። ክረምቱ በሚበረታበትና ደመናው በማይገፈፍበት በጅማ ምድር ከዚህም ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ መሥመር ባልደረሰበት ቀበሌ ኩራዝን አስቀርቶ ልጅ የሚያስጠናው፣ ስልክም የሚሞላው ይህ ኃይል ነው። ስለዚህ ሶላር ከቆጣሪ ጋር ሳይሆን ከላምባ ጋር ይወዳደር። ጄኔሬተርን በተመለከተ ረጅም ንግግር አያሻም፤ ነዳጁ፣ ዘይቱና ጥገናው ተደምሮ ለሱቅና ለክሊኒክ መጠባበቂያ ካልሆነ በቀር ለአነስተኛ ቤት አይመከርም።

የአካባቢያችን ጠባይ የሚያመጣው አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ እሸት ቡና ቀን ተለቅሞ ወደ ማምሻው ማጠቢያ ጣቢያ ይደርሳል፤ መፈልፈያውም የሚነሣው በዚያው ሰዓት ነው። በየቤቱም መብራቱ የሚበራውና ምጣዱ የሚጣደው ያኔ ነው። ጣቢያውና መንደሩ ከአንድ ደካማ መሥመር የሚመገቡ ከሆነ ቮልቴጁ ይወድቃል። 220 መሆን የሚገባው 180 ቢሆን የምጣዱ ኃይል እንደ ቮልቴጁ ካሬ ይቀንሳልና፣ 3.5 ኪሎዋቱ 2.3 ያህል ብቻ ይሆናል። ምጣዱ ቶሎ አይግልም፤ ጋገራው ይረዝማል፤ በረዘመ ቁጥር ወደ አየር የሚጠፋው ሙቀት ስለሚበዛ ለዚያው እንጀራ የሚቆጠረው ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል። የመሥመር ድክመት የሚከፈለው በቤተሰቡ ሒሳብ ላይ ነው። በጠዋት መጋገርና የሳምንቱን እንጀራ ባንድ ሙቀት መጨረስ ስለዚህ የብልኅ ሴት ልማድ ብቻ ሳይሆን የምሕንድስና ምክርም ነው።

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሁሉ የግልገል ጊቤን ውኃ ያያል። በ1996 ዓ.ም. 184 ሜጋዋት ይዞ ሥራ የጀመረው ይህ ጣቢያ ውኃውን በዋሻ ለ420 ሜጋዋቱ ጊቤ ሁለት ያስረክባል፤ ከታች ደግሞ 1,870 ሜጋዋት ያለው ጊቤ ሦስት አለ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይሉ አለ ማለት ነው። የሚቀረው ከግድቡ እስከ ምጣዱ ያለው መንገድ ሲሆን፣ የመንገዱም መጨረሻ ቆጣሪ ነው።

በዚህ መሠረት ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ አባላት በየከተማቸው የኪራይ ግቢዎችን የውስጥ መሥመር በነፃ የሚመለከቱበት ቀን በዓመት አንድ ጊዜ ይመደብ። ሁለተኛ፣ ዛሬ ያቀረብኩት ዓይነት የቤት ሥሌት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በአንድ ገጽ ታትሞ ይበተን። ሦስተኛ፣ የቆጣሪ ማስገቢያ ወጪ ባንድ ጊዜ የሚከብደው ቤተሰብ የቡናው ገንዘብ በሚገባበት ወቅት ከፋፍሎ የሚከፍልበት መንገድ እንዲመቻች ለሚመለከተው ክፍል ጥናት እናቅርብ። ገቢው በዓመት አንድ ጊዜ ለሆነ ሰው ወርኃዊ ሒሳብ ምን ያህል እንደሚከብድ የቡና አገር ሰው ያውቀዋል።

ወደ አጋሮዋ እናት ልመለስ። ሥሌቱን ይዤ ሄጄ፣ «እማማ፣ መሥመሩ ደጅዎ ነውና ለእያንዳንዱ ቤት ቆጣሪ ያስገቡ፤ ሶላሩ መብራት በጠፋ ጊዜ ለአንድ አምፖል ይበቃዎታል» አልኳቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡና፣ «ምጣዱንስ ልፍቀድላቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ቆጣሪው በየስማቸው ከሆነ ምን ይጎዳዎታል?» አልኩ። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው ይጋግሩ» አሉ።