ስለ አንዲቱ ቁልፍ



የሊኑክስ ከርነል ሲወለድ የሚያውቀው አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው 2.0 እትም ግን ብዙ ፕሮሰሰሮችን እንዲያሠራ ተደረገ። ዘዴውም ለከርነሉ በሙሉ አንዲት ቁልፍ ማበጀት ነበር። ቁልፊቱን የያዘ ይገባል፤ የቀረው ደጅ ይጠናል። (ደጅ መጥናት ምን እንደ ሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም!) ስለዚህም ሥራው ከርነል ውስጥ የሚበዛበት ሰው አራት ፕሮሰሰር ቢገዛም ትርፉ ጥቂት ነበር። ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ አልነቅፍም፤ በዚያ ጊዜ ሳይሳሳቱ ለመጀመር ሌላ ቀላል መንገድ አልነበረምና።

ከዚያ በኋላ ለየክፍሉ የየራሱን ቁልፍ መሥራት መጣ። ጭንቁም እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ፕሮሰሰሮች አንድ አንድ ቁልፍ ይዘው አንዱ የሌላውን ቢጠብቅ፥ ሁለቱም እዚያው ደርቀው ይቀራሉ። አሮጌይቱ ቁልፍ ፈጽማ የወጣችው በ2011 በ2.6.39 እትም ነው፤ 15 ዓመት ሙሉ!