ድምፅ የተሰጣትን ልጅ ዝም አናሰኛት

(የማኅበራችን ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



እንደሚታወቀው የወጣቶች የኪነት ቡድናችን ከተቋቋመ ወዲህ አንዳንድ ወላጆች «ሴት ልጅ መድረክ ላይ ስትዘፍን ሰው ምን ይላል?» በማለት ልጆቻቸውን አስቀርተዋል። ሥጋቱ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አይናቅም። ነገር ግን ከመወሰናችሁ በፊት የግብፃዊቷን ድምፃዊት የኡም ኩልሱምን ታሪክ ባጭሩ ላጫውታችሁ።

ይህች ሴት የተወለደችው ዓባይ ወደ ባሕር ከሚገባበት አካባቢ፣ በአንዲት ትንሽ የገጠር መንደር ነው። አባቷ የመስጊድ ኢማም ሲሆኑ፣ ገቢያቸው አልበቃ ስላላቸው በሠርግና በበዓል ሃይማኖታዊ ዜማ እያዜሙ ኑሯቸውን ይደጉሙ ነበር። ወንድሟን ሲያስጠኑ እሷ ከጎን ሆና እየሰማች ዜማውን ያዘችው። አባትየው ይህን ባወቁ ጊዜ ተገረሙ፤ ይዘዋትም ይዞሩ ጀመር። ሆኖም የሰው አፍ ስለፈሩ የወንድ ልጅ ልብስ እያለበሱ ነበር የሚያዘፍኗት። እንግዲህ ልብ በሉ! እሳቸውም እንደኛው ፈርተዋል። ግን አብረዋት ሄዱ እንጂ አላስቀሯትም።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቤተሰቡ ካይሮ ገባ። የግብፅ ሬዲዮ በ1934 ሥራውን ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ ዘፋኞች አንዷ እሷ ነበረች። ቀጥሎ ሲኒማው መጣ። ከ1936 እስከ 1947 በስድስት የሙዚቃ ፊልሞች ዋና ተዋናይ ሆና ሠርታለች። የመጀመሪያው «ዊዳድ»፣ የመጨረሻው «ፋጥማ» ይባላሉ። ከዚያ ወዲያ ፊልሙን ትታ መድረኩንና ሬዲዮውን ያዘች። የወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ማታ ዝግጅቷ በሬዲዮ ሲተላለፍ የዓረብ አገር ሰው በየቤቱና በየቡና ቤቱ ሬዲዮ ከብቦ ይሰማ ነበር። አንዱ ዘፈን ብቻ አንድ ሰዓት ያልፋል፤ የሚሰለች ግን አልነበረም።

ታዲያ ለራሷ ብቻ አልኖረችም። የሙዚቀኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆና ለሙያ ጓደኞቿ ሠርታለች። በ1967 አገሯ በጦርነት ስትሸነፍ ከፓሪስ ጀምሮ በየአገሩ እየዘፈነች ገንዘቡን ለአገሯ ሰጥታለች። በየካቲት ወር 1975 ስታርፍ የካይሮ ጎዳና በሕዝብ ጎርፍ ተሞላ። ሕዝቡም አስከሬኗን ከተሸካሚዎቹ ተቀብሎ በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ሄደ። ያቺ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትደበቅ ልጅ እንዲህ ሆና ተሸኘች።

ሁሉም ልጅ ኡም ኩልሱም ይሆናል አልልም። ነገር ግን እኒያ አባት ልጃቸውን ቤት ዘግተውባት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ የት ይገኝ ነበር?

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው፦ ልጆቹን አናስቀራቸው። የሚሠጋ ወላጅ በልምምዱ ሰዓት አዳራሹ መጥቶ ይቀመጥ፤ ማታም ልጁን ይዞ ይመለስ። ወንበር አናጣም። ልብስ ቀይሮ መደበቅም አያስፈልግም፤ ልጃችን ልጃችን ሆና ትዝፈን።