የጠፋ የሚመስል ሁሉ አልጠፋም
በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ የተጠቃሚ ፕሮፋይል ሲሰወር ምን ማድረግ ይገባል?

(ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ በካምፓላ ለኮምፒዩተር ተማሪዎችና የጋራ ኮምፒዩተሮችን ለሚጠብቁ ወገኖች በቃል የተሰጠ ትምህርት ነው። በናኪቫሌና በሌሎች መጠለያ ጣቢያዎች ለሚገኙ አንባብያንም እንዲጠቅም አትመነዋል።)



የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ኮምፒዩተሩን ከፍታችሁ ስማችሁን ትጫናላችሁ፣ የይለፍ ቃላችሁን ታስገባላችሁ። የሚመጣው ገጽ ግን የእናንተ አይደለም። ዴስክቶፑ ባዶ ነው፤ የልጆቻችሁ ፎቶግራፍ የለም፤ ስትጽፉት የሰነበታችሁት ወረቀት የለም። ከታች በስተቀኝ በኩል «ቴምፖራሪ ፕሮፋይል» የሚል ቃል ያለበት አጭር ማስታወቂያ ብቅ ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሹን አያስገባችሁም፤ «ዩዘር ፕሮፋይል ሰርቪስ» የሚባለው ክፍል ሊያስገባችሁ እንዳልቻለ ይነግራችሁና ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመልሳችኋል።

በአገሩ ተረጋግቶ ለሚኖር ሰው ይህ የአንድ ቀን ብስጭት ነው። ለስደተኛ ግን ከዚያ በላይ ነው። ብዙዎቻችን የትምህርት ማስረጃችን ዋናው አገር ቤት ቀርቶ በእጃችን ያለው በስካነር የተነሣው ቅጂ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የዩጋንዳ የስደተኞች ሕግ ጥያቄው ውድቅ ለተደረገበት ሰው የይግባኝ ማቅረቢያ 30 ቀን ይሰጠዋል። የይግባኙ ጽሑፍ በማይከፈት ኮምፒዩተር ውስጥ ቢቀር ቀኑ ግን መቁጠሩን አያቆምም።

ስለዚህ ከዛሬው ትምህርት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ፦ ፕሮፋይሉ ጠፋ ማለት ሰነዱ ጠፋ ማለት አይደለም። ሰነዱን ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ከዚያ በኋላ በድንጋጤ የምናደርገው ነገር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? በኮምፒዩተር ደግሞ የፈሰሰው ሁልጊዜ አይለቀምም።

ፕሮፋይል ምንድን ነው?

የመዝገብ ቤትን አሠራር ታውቃላችሁ። የእያንዳንዱ ባለጉዳይ ፋይል በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ጸሐፊው ደግሞ የማን ፋይል የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚያሳይ አንድ ትልቅ መዝገብ አለው። ዊንዶውስም እንዲሁ ነው። መደርደሪያው በ«ሲ» ድራይቭ ውስጥ ያለው «ዩዘርስ» የሚባል ፎልደር ነው። በዚያ ውስጥ በስማችሁ የተከፈተ ፎልደር አለ፤ ዴስክቶፑ፣ ሰነዶቹ፣ ፎቶግራፎቹ፣ ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ሁሉ እዚያ ይገኛል። በጣም አሮጌ በሆነው በዊንዶውስ ኤክስ ፒ ላይ የመደርደሪያው ስም «ዶኩመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» ነው። መዝገቡ ደግሞ «ሬጂስትሪ» ይባላል፤ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ረጅም ቁጥር ይሰጥና ፎልደሩ የት እንዳለ ይጽፋል።

በስማችሁ ፎልደር ውስጥ «ኤንቲዩዘር ዳት» የተባለ ስውር ፋይል አለ። የገጻችሁን አቀማመጥና ምርጫችሁን የሚይዘው እሱ ነው። በሥራ ላይ እያላችሁ መብራት በድንገት ሲጠፋ፣ ሃርድ ዲስኩ ሲያረጅ፣ የ«ሲ» ድራይቭ ቦታ ሲሞላ፣ ወይም የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም ፋይሉን ይዞ ሲያስቀር ዊንዶውስ ይህን ፋይል ማንበብ ያቅተዋል። ያን ጊዜ እንደ መዝገብ ቤቱ ጸሐፊ «ለጊዜው በዚህ ተገልገሉ» ብሎ ባዶ ፋይል ይሰጣችኋል። ጊዜያዊ ፕሮፋይል ማለት ይህ ነው። የቀድሞው ፋይላችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመደርደሪያው ላይ እንዳለ ተቀምጧል።

መጀመሪያ የማይደረጉ ነገሮች

አንደኛ፣ በጊዜያዊው ፕሮፋይል ላይ ሥራ አትሥሩ። በዚያ ዴስክቶፕ ላይ የምታስቀምጡት ማንኛውም ነገር ስትወጡ ይሰረዛል። ጊዜ አጥሯችሁ የግድ መጻፍ ካለባችሁ በፍላሽ ላይ አስቀምጡ።

ሁለተኛ፣ «ፎርማት እናድርገው» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ሠራተኛው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ለእሱ ፈጣኑ መንገድ ስለሆነ ነው። ለእናንተ ግን መደርደሪያውን ከነፋይሉ ማቃጠል ማለት ነው። ወደ ጥገና ቤት መውሰድ ግድ ከሆነ አስቀድማችሁ «ከሁሉ በፊት ሰነዶቼ ይገልበጡልኝ» በሉ፤ ሲገለበጥም አብራችሁ ቁሙ። የጉዳያችሁ ዝርዝር በውስጡ ያለበትን ኮምፒዩተር ለማታውቁት ሰው ትቶ መሄድ ለደኅንነታችሁም አይበጅም።

ሦስተኛ፣ የድሮውን ተጠቃሚ ስም ከ«ኮንትሮል ፓነል» አትሰርዙ። ሲሰርዙት ዊንዶውስ «ፋይሎቹንም ላጥፋ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ባለማስተዋል እሺ ያለ ሰው ሁሉንም ያጣል።

ከዚያ የሚደረጉ ነገሮች

መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን በሥርዓት አጥፍታችሁ አስነሡት። ችግሩ ፋይሉን ሌላ ፕሮግራም ይዞት ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ማስነሣት ብቻ ይበቃል።

ካልሆነ ወደ «ሲ» ድራይቭ ገብታችሁ «ዩዘርስ» የሚለውን ክፈቱ። ስማችሁ ያለበት ፎልደር አለ? ካለ እፎይ በሉ። የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ባለው ስም ከገባችሁ «ፈቃድ የለህም» የሚል መልእክት ሲመጣ «ኮንቲንዩ» የሚለውን ተጫኑ። ሰነዶቹን፣ ፎቶግራፎቹንና ዴስክቶፑን በፍላሽ ወይም በውጭ ዲስክ ላይ ገልብጡ። የገለበጣችሁትን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከፍታችሁ እስክታዩ ድረስ ወደሚቀጥለው ሥራ አትለፉ።

ኮምፒዩተሩ ጭራሹን አላስገባ ካለስ? በዊንዶውስ 7 ላይ ሲነሣ «ኤፍ 8» የሚለውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ስትጫኑ «ሴፍ ሞድ» የሚል ምርጫ ይመጣል፤ በዚያ በኩል አንዳንዴ ይገባል። እሱም ካልሆነ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ ኬብል ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት፣ ወይም ሊኑክስ በተጫነበት ፍላሽ ማስነሣትና መገልበጥ ይቻላል። ዲስኩ በሚስጥር ቁልፍ የተቆለፈ ከሆነ ግን ያለ ቁልፉ አይነበብም። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ደግሞ ወዲያው አጥፉት፤ በየደቂቃው እየባሰበት ይሄዳል።

መዝገቡን ማስተካከል

ሰነዱ ተገልብጦ በእጃችሁ ከገባ በኋላ ፕሮፋይሉን ለመመለስ መሞከር ይቻላል። በ«ስታርት» ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል አር፣ ኢ፣ ጂ፣ ኢ፣ ዲ፣ አይ፣ ቲ ብላችሁ ጻፉ፤ መዝገቡ ይከፈታል። በግራ በኩል «ሎካል ማሺን»፣ ከዚያ «ሶፍትዌር»፣ «ማይክሮሶፍት»፣ «ዊንዶውስ ኤንቲ»፣ «ከረንት ቨርዥን»፣ በመጨረሻም «ፕሮፋይል ሊስት» የሚሉትን ተራ በተራ ክፈቱ። ምንም ከመንካታችሁ በፊት «ፋይል» ከሚለው ሥር «ኤክስፖርት» ብላችሁ ቅጂውን በፍላሽ ላይ አስቀምጡ። በዴስክቶፑ ላይ ብታስቀምጡት ከጊዜያዊው ፕሮፋይል ጋር ይጠፋል።

እዚያ ረጃጅም ቁጥሮች ታያላችሁ። በጊዜያዊ ፕሮፋይል የተያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ሁለት ጊዜ ያገኛል፤ አንደኛው መጨረሻው ላይ ነጥብና ቢ፣ ኤ፣ ኬ የሚሉ ፊደላት አሉበት። የትኛው የእናንተ እንደሆነ ለማወቅ በቀኝ በኩል «ፕሮፋይል ኢሜጅ ፓዝ» የሚለውን አንብቡ። «ባክ» ያለበት የእናንተን ፎልደር ስም ያሳያል፤ ሌላው «ቴምፕ» ይላል። አሁን «ባክ» የሌለበትን ስሙን ለውጡና በመጨረሻው ላይ ነጥብና «ኦልድ» የሚል ጨምሩበት። ቀጥሎ ከእናንተው ላይ ነጥቡንና «ባክ» የሚለውን አንሡ። በቀኝ በኩል «ስቴት» እና «ሬፍ ካውንት» የሚሉ ካሉ ሁለቱንም ዜሮ አድርጉና ኮምፒዩተሩን አስነሡት። «ባክ» ያለበት አንድ ብቻ ከሆነ መጨረሻውን ማንሣትና ዜሮ ማድረግ ብቻ ነው።

ይህም ካልሠራ «ኤንቲዩዘር ዳት» ራሱ ተበላሽቷል ማለት ነው። መፍትሔው አዲስ ተጠቃሚ ከፍቶ ሰነዶቹን ወደዚያ መገልበጥ ነው። በ«ኤንቲዩዘር» የሚጀምሩትን ስውር ፋይሎች ግን አትውሰዱ፤ በሽታውን ይዘው ይሄዳሉ። በኢንተርኔት መመልከቻው ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችም አብረው ላይመጡ ስለሚችሉ በደብተር ጽፋችሁ ደብቃችሁ ያዙ።

ፎልደሩ ከሌለስ?

ቀድሞ ዊንዶውስ እንደገና ተጭኖበት ከሆነ በ«ሲ» ድራይቭ ውስጥ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚል ፎልደር ፈልጉ። ዲስኩ ፎርማት ሳይደረግ ከተጫነ አሮጌው ሁሉ እዚያ ይከማቻል። ዊንዶውስ 10 ግን ከ10 ቀን በኋላ ራሱ ይሰርዘዋልና አትዘግዩ። ፋይሎቹ ተሰርዘው ከሆነ ኮምፒዩተሩን ወዲያው አጥፉ። በሃርድ ዲስክ ላይ የተሰረዘ ፋይል ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ብዙ ጊዜ ስለሚቆይ እንደ «ፎቶሬክ» እና «ሬኩቫ» ባሉ ፕሮግራሞች ሊገኝ ይችላል። የተገኘውን ግን በዚያው ዲስክ ላይ ሳይሆን በሌላ ላይ አስቀምጡ። በአዲሶቹ ኤስኤስዲ ዲስኮች ላይ ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው።

ስለ አማርኛ ጽሑፎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ያዳናችሁትን ሰነድ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ስትከፍቱ ፊደሉ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ወይም ባዶ ሳጥን ሆኖ ቢታያችሁ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። «ኒያላ» የተባለውን ፊደል ይዞ የመጣው ዊንዶውስ ቪስታም ለገበያ የቀረበው በ2007 ነው። ከዚያ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍ የራሱን ፊደል ይፈልጋል፤ ፊደሉ ሲጫን ጽሑፉ ይነበባል።

ሳይቃጠል በቅጠል

ወገኖቼ፣ ከጥገና ይልቅ ጥንቃቄ ይቀላል። ዊንዶውስ 7 ከጥር 14 ቀን 2020፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከጥቅምት 14 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአምራቹ መደበኛ ድጋፍ ተቋርጦባቸዋል። ኮምፒዩተሮቹ ይሠራሉ፤ ግን ብቸኛ ሰነዳችንን የምናምንባቸው አይደሉም።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያለው ሁለተኛ ስም ክፈቱ፤ አንዱ ሲታመም በሌላው ይገባል። የስደተኛነት መታወቂያችሁን፣ የልጆቻችሁን የልደት ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃችሁንና ለመሥሪያ ቤት የሰጣችሁትን ቃል ቢያንስ በሦስት ቦታ አስቀምጡ፦ በኮምፒዩተሩ፣ በፍላሽና በራሳችሁ ኢሜይል። በካባላጋላም ሆነ በካንሳንጋ በኢንተርኔት ቤት የምትጽፉ ሰዎች ጨርሳችሁ ስትነሡ ሥራችሁን በፍላሽ ይዛችሁ ውጡ፤ አንዳንዱ ኮምፒዩተር ተዘግቶ ሲከፈት ሁሉን ነገር እንዲያጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። ፍላሽም ይጠፋል፣ ይበላሻልምና የወረቀት ኮፒ አይለያችሁ።

ኮምፒዩተር የምታውቁ ወጣቶችም አደራ አለባችሁ። አንዲት እናት «ሁሉ ነገር ጠፋብኝ» ብለው ሲመጡ መጀመሪያ አረጋጉአቸው፣ ከዚያ ገልብጡላቸው፣ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የሰው ሰነድ ስትገለብጡም አታንብቡ፣ ለራሳችሁ ቅጂ አታስቀሩ።

 ፍላሽ ያላችሁ ዛሬውኑ ሰነዳችሁን ገልብጡ፤ የሌላችሁ ደግሞ ቅጂውን ወደ ራሳችሁ ኢሜይል ላኩ።