ናዝሬት ወይስ አዳማ? የዲፕሎማዬ ነገር
(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ዕለት ከተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ከተማችን ስም ትንሽ በል» ሲሉኝ ሳቅሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ «ከየት ተመረቃችሁ?» ብትባሉ መልሳችሁ እንደ ዕድሜያችሁ ነዋ! ትምህርት ቤታችን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲከፈት ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ነበር። በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 ደግሞ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

ናዝሬት የሚለውን ስም ለከተማዋ ያወጡላት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ናዝሬት ወስደው። አዳማ ከዚያ የቀደመ ስም ነው። በኦሮምኛ ቁልቋል «አዳሚ» ይባላል፤ ስሙ ከዚያ እንደመጣ ይነገራል።

ተማሪ ሳለሁ የዶርም ጓደኛዬ አያቱ ዘንድ ገጠር ወሰደኝ። አኮ ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ «ከናዝሬት» አልኩ። አልገባቸውም። ጓደኛዬ «አዳማ ማለቱ ነው» አላቸው፤ ያኔ ፈገግ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 አዳማ የሚለው ስም በይፋ ሲመለስ ብዙዎቻችን «አዲስ ስም ወጣ» አልን። እኔ አኮን አስታወስኩ። ለእሳቸው መቼ አዲስ ሆኖ!

ዛሬም ሁለቱም ስሞች በሥራ ላይ ናቸው። መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱ «ናዝሬት፣ ናዝሬት!» እያለ ይጣራል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ የንፋስ ኃይል ማመንጫው፣ የእግር ኳስ ክለቡ ግን አዳማ ናቸው። ይሄ አይከብደኝም። የሚከብደኝ፣ አንዱን ስም በጠራሁ ቁጥር ሰው «የየትኛው ወገን ነው?» እያለ ሲመዝነኝ ነው። አንዳንዴ እኮ ያደግንበትን አፍ ነው የምንናገረው።

ወረቀት ላይ ግን ነገሩ ይጠነክራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ሥራ ተወዳድሬ አለፍኩ። ሰነድ የምትመረምረው ልጅ ዲፕሎማዬን አገላብጣ «ጋሼ፣ ይሄ ኮሌጅ ዝርዝራችን ላይ የለም» አለችኝ። «ልጄ፣ የዛሬው አዳማ ነው» አልኳት። «ወረቀቱ እንደዚያ አይልማ!» አለች። እውነቷን ነው። አኮ ቤት ጓደኛዬ አስተርጉሞልኝ ነበር፤ እዚያ ቢሮ ግን ማን ያስተርጉምልኝ? ደብዳቤ አጽፌ እስክመለስ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ስለዚህ ለመምህራንና ለሬጅስትራር አንድ ልመና አለኝ። ትምህርት ቤቱ የተጠራባቸውን ስሞች በሙሉ ከነዓመታቸው የያዘ፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ደብዳቤ ይዘጋጅልን። የጠየቀ ሁሉ በዚያው ቀን ይውሰድ። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበርም ለማባዛቱ ወጪ ቢያግዝ ደስ ይለኛል፤ እኔ የድርሻዬን ለማዋጣት ዝግጁ ነኝ።

ከተማዋን በስሟ አዳማ ብለን እንጥራት። ናዝሬት የሚል ዲፕሎማ የያዘውንም ሰው «ይህ የእኛ ልጅ ነው» እንበልለት።